ዴትሮን አውቀዋለሁ

ልጄ ሰመራ ላይ ቤት ሠርቶ እኔን በረንዳው ላይ አስቀምጦኛል። ፊት ለፊቴ መንገዱ ነው። ወደ ጅቡቲ የሚወርደውን፣ ከጅቡቲ የሚወጣውን ተሳቢ ሳይ እውላለሁ። የዛሬ ሾፌር መስኮቱን ዘግቶ በቀዝቃዛ አየር ነው የሚሄደው፤ በረሃውን የሚያየው እንደ ሥዕል ነው። ባለፈው አንዱ ጎረምሳ መኪናውን ሊያዞር ወደ ኋላ ሲመጣ የልጄን አጥር ገጨው። ወርዶ ይቅርታ ሲለምነኝ፣ "አይዞህ፣ ዴትሮ ያስቸግራል" አልኩት።

"አባባ ዴትሮን ያውቁታል እንዴ?" አለና ሳቀ።

አውቀዋለሁ። እንዲያውም እኔ የማውቀው ገና ሰው በነበረበት ጊዜ ነው።

ዴትሮ ማለት፣ ለማታውቁት፣ መኪናን ወደ ኋላ የሚያስኬደው ማርሽ ነው። ቃሉን ጣሊያን ትቶት የሄደ ነው ይላሉ። ይህን ከመጀመሪያው የምነግራችሁ እናንተ እንኳ እንድትቀድሙኝ ነው፤ እኔ እዚያ እስክደርስ ገና ብዙ መንገድ አለብኝ።

ያኔ ሰመራ የሚባል ከተማ አልነበረም። ድንጋይና ነፋስ ነበር። ነፋሱ አሁንም አለ። ከተማው ዱብቲ ነው፣ ሥራው ጥጥ ነው፣ ንጉሡ አልጋቸው ላይ ናቸው። እኔ ከመንዝ ብርድ ወርጄ ለጥጥ ኩትኮታ የተቀጠርኩ ሰው ነኝ። መንዝ ሳለሁ ፀሐይን እንደ ዘመድ ነበር የማያት፤ ስትመጣ ደጅ ወጥቼ እቀበላታለሁ። ዱብቲ ስደርስ ግን እንግድነቱ ቀረና ትከሻዬ ላይ ሰፈረች። አንድ ወር ኮትኩቼ ዙሪያዬን ስመለከት፣ በዚያ አገር ተቀምጦ ደመወዝ የሚበላ ሰው ሁለት ዓይነት ነው፤ አንዱ ፈረንጅ ነው፣ ሁለተኛው ሾፌር። ፈረንጅ መሆን ስለማልችል ሾፌር ለመሆን ወሰንኩ። እኔ ደግሞ አንዴ ከወሰንኩ ወሰንኩ ነው።

መንዳት ያስተማረኝ ጋሽ ሰይድ የሚባል የወሎ ሰው ነው። ከጣሊያን ጊዜ በቀረች አሮጌ ካሚዮን ለሠራተኛው ሰፈር ውሃ ያመላልሳል። ለትምህርቱ ፋንታ በርሜል እሞላለት ነበር። ጋሽ ሰይድ ደግ ነው፣ ሲያስተምር ግን ምክንያት አይነግርም።

"ፍሪሲዮኑን ርገጥ። አንደኛ እዚህ፣ ሁለተኛ እዚህ፣ ሦስተኛ እዚህ። እዚያ ጥግ ላይ ግን እንዳትወስደው!"

"ለምን ጋሽ ሰይድ?"

"ሸይጣን አለበት።"

አንድ ቀን በስህተት ወሰድኩት። ካሚዮኗ እንደ ጅብ ጮኸች። አመንኩ።

"መመለስ ብፈልግስ?" አልኩት ሌላ ጊዜ።

"ሾፌር ወላሂ የሄደበትን አይመለስበትም። መመለስ ከፈለገ ዞሮ ይመጣል። በረሃው ሰፊ ነው።"

የካሚዮኗ የኋላ ማርሽ ጥርሱ ረግፎ እንደነበር የሰማሁት ቆይቶ ነው። ጋሽ ሰይድ ጉድለቷን ሕግ አድርጎ አስተማረኝ፣ እኔም መኪና የሚባል ነገር ሁሉ ወደ ፊት ብቻ እንዲሄድ የተፈጠረ አድርጌ ያዝኩት። ሌላ መኪና ወደ ኋላ ሲሄድ አላየህም ወይ ትሉኝ ይሆናል። አይቻለሁ። ፍሬኑ የላላ እየመሰለኝ አዝኜለት አልፍ ነበር።

የጥጡ ሾፌር በወባ የወደቀ ጊዜ ነገሩ መጣ። የጋራዡ አለቃ ሙሴ ያኒ የሚባል ግሪክ ነው፤ ያኔ ፈረንጅን ሁሉ ሙሴ ነበር የምንለው። አማርኛውን እንደ ናፍታ ይቆጥባል። ጥጡ አዋሽ ጣቢያ ደርሶ ፉርጎ ላይ መጫን አለበት፣ ባቡሩ ደግሞ ሾፌር ታመመ ብሎ አይቆምም። እጄን አወጣሁ።

"አንተ መኪና ታውቃለህ?"

"አውቃለሁ ሙሴ።"

"ጎማ መቀየር?"

"አውቃለሁ።"

"ዴትሮ?"

እዚህ ላይ ፍረዱኝ። እርሻው በፈረንጅ የተሞላ ነው። የውሃ ሞተሩን የሚጠብቀው ጣሊያን ስሙ ሙሴ ፔትሮ ነው። ፔትሮ ካለ ዴትሮ ቢኖር ምን ይገርማል? ወንድሙ ይሆናል።

"እሱንም አውቀዋለሁ" አልኩ።

"ጥሩ አድርገህ?"

"በጣም ጥሩ አድርጌ! ቆይተናል።"

ሙሴ ያኒ ጣቱን ቀሰረ። "አዋሽ ጣቢያ ዴትሮ ከሌለ ጥጥ አይወርድም። ጥጥ ካልወረደ አንተ ሾፌር የለም። አንተ ይኼ" አለና በአገጩ ግድግዳው ላይ የተደገፈውን መኮትኮቻ አሳየኝ። "ዴትሮ ካለ፣ ይቺ መኪና ያንተ።"

መኪናዋ አዲስ ናት። ጋቢናዋ ውስጥ የተሰፋ ወንበር አላት። መኮትኮቻውን አየሁ፣ ወንበሩን አየሁ። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ዴትሮን "እሱ" ማለት ትቼ "እሳቸው" ማለት ጀመርኩ።

እንዲህ ያለ ትልቅ ሰው ዘንድ ባዶ እጄን መሄድ አልወድም። ሐመዱ ወደሚባል የአፋር ሽማግሌ ሄጄ ሙክት ስጠኝ አልኩት። ሐመዱን ከገበያ ነው የማውቀው፤ ነገር ሲጠይቅ ዓይኑን ከዓይን አይነቅልም።

"ለማን ነው?"

"ለሙሴ ዴትሮ።"

"ማን ነው?"

"አዋሽ ጣቢያ ያሉ ሰው ናቸው። ያለ እሳቸው ምንም ነገር አይሆንም።"

"አይተኸዋል?"

"አውቃቸዋለሁ።"

"አይተኸዋል ወይ ነው ያልኩህ።"

"አውቃቸዋለሁ አልኩህ እኮ! ደረቅ ነህ።"

ወደ ወንዙ አየ። ከጥጡ በፊት ወንዙ ዳር የሐመዱ ወገኖች ከብት በበጋ የሚበላው ሳር ነበር። እርሻው መጣና ሳሩ ጥጥ ሆነ፤ ከብት ደግሞ ጥጥ አይበላም። ሐመዱ ይህን የሚነግረው ሰው ሲፈልግ ነበር የኖረው። ግምጃ ቤት ሄደ፣ እኔ አይደለሁም አሉት። ቢሮ ሄደ፣ እኔ አይደለሁም አሉት። ያለ እሱ ምንም አይሆንም የተባለ ሰው ሲሰማ ግን የመጀመሪያው ነበር።

"ፍየሉን አመጣለሁ" አለኝ። "እኔም እመጣለሁ። የሳር ነገር አለኝ።"

ወጣን። ጥጡ ከኋላ፣ ሐመዱ ከጎኔ፣ ሙክቱ በሁለታችን መካከል። ሙክቱ ጋቢና ሲገባ አስቸግሮናል፤ ገመዱን ወደ ፊት በሳብኩት ቁጥር ወደ ኋላ ይሄዳል። ያን ጊዜ ልብ ብዬ ባየው ኖሮ ብዙ እማር ነበር።

መንገድ ስል አስፋልት እንዳይመስላችሁ። ፊት የሄደ መኪና ዱካ ነው። ችግሩ ግን መንገዱ አልነበረም። ችግሩ ዳጉ ነው። አፋር ከአፋር ጋር መንገድ ላይ ከተገናኘ ቁጭ ብሎ ያየውንና የሰማውን ሁሉ ሳያወራ አይተላለፍም፤ ዝናብ የት እንደጣለ፣ ከብቱ የት እንዳለ፣ ማን እንደመጣ፣ ማን እንደሞተ። ይህ ነው ዳጉ። በእኛም አገር ሰላምታ ረጅም ነው፣ ነገር ግን ጨርሰን ስንለያይ የሰማነው ነገር የለም። እነሱ ግን ወሬውን ከነባለቤቱ ነው የሚቀባበሉት። ግመል የሚነዳ ሰው ባየን ቁጥር ሐመዱ "አቁም" ይላል። አቆማለሁ። ይወርዳል። ይቀመጣሉ። እኔ በፀሐይ እጠበሳለሁ፣ ራዲያተሩ ይፈላል፣ ሙክቱ ወንበሩን ይልሳል።

ቋንቋቸውን አልሰማም። ብቻ በመሃል "ዴትሮ" የምትል ቃል ትመጣለች።

"ምን እያልካቸው ነው?"

"ይህ ሰው ዴትሮ የሚባል ሰው አውቃለሁ ይላል። አዋሽ ነው ያለው ይላል። ያለ እሱ ምንም አይሆንም ይላል። እኔ አላየሁትም። ይኸው ነው።"

"ይላል፣ ይላል! ያውቃል ብትል ምን አለበት?"

"የሰማሁትን ነው የምሰጠው። ጨምሬ ብሰጥ ነገ ማን ዳጉ ይሰጠኛል?"

ተናደድኩ። ሰው ጋቢናዬ ውስጥ ተቀምጦ ያምነኝ እንደሆነ እንኳ አይናገርም።

ከገዋኔ በፊት መንገዱ በሁለት ጉብታ መካከል የሚጠብበት ቦታ አለ። እዚያ ስንገባ ዱቄት የጫነ መኪና ፊት ለፊት መጣ። ሁለታችንም ቆምን። ሾፌሩ አንገቱን አውጥቶ ይጮህ ጀመር።

"ዴትሮ! ዴትሮ!"

እጁን ወደ ኋላዬ፣ መንገዱ ወደሚሰፋበት፣ ያወናጭፋል። ስሙን ሲጠራ ልቤ ሞቀ።

"ከኋላ አይደሉም!" አልኩት። "ከፊት ናቸው፣ አዋሽ!"

"ምን?"

"ወደ እሳቸው ነው የምንሄደው!"

"ዴትሮ እኮ ነው የምልህ አንተ ሰው! አንተ ትቀርባለህ!"

"አዎ፣ በጣም እንቀራረባለን! ሙክትም ይዘንላቸዋል!"

ሾፌሩ ሙክቱን አየ። የሐመዱን ጊሌ አየ፤ ጊሌ አፋር ወገቡ ላይ የሚታጠቀው ጩቤ ነው። እንደገና እኔን አየ። ከዚያ መኪናው ቀስ እያለ ወደ ኋላ ሄደና መንገድ ለቀቀልን።

"አየህ?" አልኩት ሐመዱን። "ስማቸውን ጠርተህ መንገድ የሚከፈትልህ እንዲህ ያለ ሰው ነው።"

"መኪናው ወደ ኋላ ሄደ" አለ ሐመዱ።

"ፍሬኑ ላልቶበት ነው።"

"አይተኸዋል?"

ነዳጅ መስጫውን ረገጥኩ።

ገዋኔ እትዬ ብርቄ ሻይ ቤት ገባን። እትዬ ብርቄ የተጉለት ሰው ናት፤ የማታውቀው ሾፌር፣ ያልሰማችው ወሬ የለም። "ሙሴ ዴትሮን ታውቂያቸዋለሽ?" አልኳት፣ እንዲያው ሐመዱ እንዲሰማ።

"ምነው አላውቅ!" አለች። "እዚሁ ቁጭ ብለው ፍርፍር በልተው የሄዱት? በርበሬ አይወዱም።"

አንድ አስተማሪ ከጥግ ቀና አለ። "ትክክለኛ ስማቸው ዲሜትሮስ ነው። ረዘም ያሉ ናቸው።"

"አጠር ያሉ ናቸው!" አለ ከጎኑ ያለው ወታደር። "እኔ አጅቤያቸው አውቃለሁ።"

"ራሰ በራ ናቸው" አለች እትዬ ብርቄ፣ ሁለቱን ለማስታረቅ።

ደስ አለኝ። ብቻዬን እንዳልሆንኩ አየሁ። ሐመዱ ግን ሻዩን አስቀምጦ አንድ በአንድ ጠየቃቸው። "አንተ አይተኸዋል? አንቺ አይተሽዋል? አንተስ?" አስተማሪው ብርጭቆው ውስጥ ተመለከተ። ወታደሩ ጫማውን ያሥር ጀመር። እትዬ ብርቄ ምድጃው ጋ ሥራ አገኘች።

መኪና ውስጥ ስንገባ፣ "አንዱ ረጅም አለ፣ አንዱ አጭር አለ" አለኝ። "ዴትሮ ስንት ነው?"

"አንድ ናቸው። ሰው በቆመበት ቦታ ይለያያል።"

አዋሽ ስንደርስ ጣቢያው ዙሪያ ያለው ዛፍ ሥር ሁሉ አፋር ተቀምጦበታል። ሽማግሌዎች፣ ዱላቸውን ትከሻቸው ላይ አጋድመው። ከእኛ የቀደመ መኪና አልነበረም። ዳጉ በእግሩና በግመሉ ሄዶ፣ ራዲያተር የሚባል ነገር ሳያስቸግረው፣ ቀደመን።

"እነዚህ ምን ሊያደርጉ መጡ?" አልኩት፣ እያወቅሁ።

"ሁሉም የሳር ነገር አለው" አለኝ።

እንግዲህ እስከዚያ ድረስ የፈራሁት መኮትኮቻውን ብቻ ነበር። አሁን ሽማግሌዎቹም ተጨመሩበት።

ፉርጎው መድረኩ አጠገብ ቆሟል። የጫኞች አለቃ ወርቁ የሚባል ደረቱ ሰፊ ሰው እየሮጠ መጣ። "የት ነበርክ እስካሁን? ባቡሩ ሊነቃነቅ ነው! በል፣ ዴትሮ አስገባ!"

"ላስገባቸው። የት ናቸው?"

"እነማን?"

"ዴትሮ ናቸዋ! አስገባ አላልከኝም? በየት በኩል ይግቡ?"

ወርቁ ግንባሬን በእጁ ነካ። "ፀሐይ ነው የመታህ? ዴትሮ! ዴትሮ አስገባና ወደ መድረኩ ተጠጋ!"

"ወንድሜ፣ እሳቸውን ካላገኘሁ ጥጡ አይወርድም ተብያለሁ። ይኸው ሙክትም ይዣለሁ።"

ወርቁ መርገጫው ላይ ወጥቶ ሙክቱን በክንዱ ገፋ አደረገና የማርሹን ዱላ ያዘ። ያቺን ጥግ አሳየኝ። ጋሽ ሰይድ የከለከለኝን ጥግ።

"ዴትሮ ይኼ ነው።"

"እዚያማ ሸይጣን አለበት" አልኩት።

ወርቁ መጀመሪያ አልሳቀም። ወርዶ ጫኞቹን ጠራ፤ ያልኩትን እንደገና አስደገመኝ፤ ከዚያ አብረው ሳቁ። መድረኩ ላይ የተኛ ሰው ነበር፣ እሱም ተነሥቶ ሳቀ። እኔ ግን ሰው ሲስቅብኝ ይብስብኛል እንጂ አልመለስም። ማርሹን ወደ ሸይጣኑ ጥግ ወስጄ ፍሪሲዮኑን ለቀቅሁ።

ይቺኛዋ ካሚዮን አልጮኸችም። ዘላ ወደ ኋላ ወጣች። ዕድሜዬን ሙሉ የሚሄደው ነገር ከፊቴ ነበር፤ አሁን የሚሄደው ከኋላዬ ሆነ፣ እኔ ደግሞ ዓይኔ ያለው ፊት ነው። መሪውን ወደ ቀኝ ስል እሷ ሌላ ቦታ ናት። ጫኞቹ ተበተኑ፣ ዶሮ ጮኸ፣ የጣቢያው ቡፌ አሳላፊ ትሪውን ጥሎ ሮጠ። የቡፌውን ግድግዳ ልትነካ ስትል ሐመዱ፣ ለዳጉ በቆምን ቁጥር ስስበው ያየውን የእጅ ፍሬን እጁን ዘርግቶ ሳበው። ቀጥ አልን። ፊታችን ወደ መድረኩ፣ ጥጡ ወደ ቡፌው።

"ውረድ!" አለ ወርቁ። አሁን አይስቅም። "ሾፌር አይደለህም። ለሙሴ ያኒ ነግሬ አስወርድሃለሁ። በአካባቢው ሌላ ሾፌር የለ፣ ባቡሩ ጥጡን ጥሎ ሊሄድ ነው!" እሱም ቢሆን መንዳት አይችልም፤ ማዘዝ ነው የሚችለው።

ባቡሩ ጮኸ። መኮትኮቻው በዓይኔ መጣ። ወደ ሐመዱ መዞር ፈራሁ፣ ግን ዞርኩ።

"ዴትሮ የታለ?" አለኝ።

የማርሹን ዱላ አሳየሁት።

"ይኼ ብረት?"

"ይኼ ብረት።"

"ያለ እሱ ምንም አይሆንም ያልከው ይኼን ነው?"

"ሙሴ ያኒ ነው ያለው" አልኩ። "እኔ ከሙሴ ያኒ ነው የሰማሁት። አላየሁትም ነበር።"

ያን ያህል መንገድ ሄደን ያንን ብቻ ነበር ሲጠይቀኝ የከረመው። ብረቱን በጣቱ ነካው። "ሥራው ምንድን ነው?"

"የሄደውን ይመልሳል።"

ይህን ሲሰማ ቀና አለ። ወርዶ ዛፍ ሥር ወዳሉት ሽማግሌዎች ሄደና ተቀምጦ ነገራቸው። ይስቃሉ ወይም ይመጡብኛል ብዬ ጠበቅሁ። አንዱንም አላደረጉም። ጠየቁት፣ መለሰ፤ ጠየቁት፣ መለሰ። እኔም ወደ ፊቱን አላጣሁትምና ዞሬ የጥጡን ጀርባ ለመድረኩ ሰጥቼ ቆምኩ። ባቡሩ ሁለተኛ ሲጮህ ሽማግሌዎቹ ዱላቸውን አስቀምጠው ተነሡና መጥተው በካሚዮኗ አፍንጫ በኩል ትከሻቸውን አስጠጉ።

"ዴትሮን ሊያዩ ነው የመጡት" አለኝ ሐመዱ። "ሳያዩት አይሄዱም። መሪውን ያዝ።"

ማርሹን ባዶ አደረግሁ። ገፉ። ጫኞቹም አፍረው መጡና ገፉ። ወርቁ ከኋላ ሆኖ "ግራ! ቀኝ!" ይላል፣ እኔ መሪውን አዞራለሁ፣ ካሚዮኗ በሰው ጉልበት ወደ ኋላ እየሄደች መድረኩ ላይ ተለጠፈች። ጥጡ ፉርጎው ላይ ወጣ። ከሁሉ በፊት መድረኩ ላይ የወጣው ግን ሙክቱ ነው።

ዱብቲ ስንመለስ ሙሴ ያኒ ጋራዡ በር ላይ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ጠበቀን። ዘበኛው አፋር ስለሆነ ዳጉው ደርሶታል።

"ዴትሮ ታውቃለህ?" አለኝ።

ሐመዱ አጠገቤ ቆሟል። ዓይኑን ከዓይኔ አልነቀለም።

"አይቼዋለሁ" አልኩ።

ሙሴ ያኒ ትንሽ አሰበ። መኮትኮቻውን አየ፣ እኔን አየ። "ማየት ጥሩ" አለና ከጎኔ ገባ። በጋራዡ ግቢ ውስጥ ወደ ኋላ አስኬደኝ። በርሜል ገለበጥኩ፣ በግሪክኛ ተሰደብኩ፤ የእናቴ ስም ሳይኖርበት አይቀርም። እንደገና አስኬደኝ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ በሁለት በርሜል መካከል ሳልነካ ገባሁ። መኮትኮቻውን አንሥቶ ለሌላ ሰው ሰጠው። ከዚያች ቀን ጀምሮ ጡረታ እስክወጣ ሾፌር ነበርኩ፤ መንጃ ፈቃዱንም ቆይቼ አውጥቻለሁ፣ ለምትጠራጠሩ።

ይህን ሁሉ ሐመዱ ሙክቱን ይዞ በጥላ ሥር ሆኖ ሲያይ ነበር። ስንወርድ መጣና ሙሴ ያኒ ፊት ቆመ።

"ሙሴ፣ ይኼ እርሻ ዴትሮ አለው?"

ሙሴ ያኒ ወደ እኔ ዞረ። "ምን አለ?"

"ሳሩን ነው" አልኩት። "እርሻው የሄደበትን ይመለስበት እንደሆነ ነው የሚጠይቅህ።"

ሙሴ ያኒ ጥጡን አየ። ጥጡ ከጋራዡ ጀርባ ይጀምርና እስከ ወንዙ ድረስ ነጭ ነው። እጁን መጥረግ ጀመረ፤ ጠርጎ ጨርሶ ነበር፣ እንደገና ጠረገ።

"የለም" አለ።

"አይተሃል?" አለው ሐመዱ።

ሙሴ ያኒ ለዚህ የሚሆን አማርኛ አላገኘም። እኔም አላቀበልኩትም።  ከዚያ ሐመዱ የሙክቱን ገመድ ክንዱ ላይ ጠቀለለ።

"ሙክቱን ለሙሴ ያኒ አትሰጠውም?" አልኩት። "ይህን ያህል መንገድ ተጉዞ?"

"የሱ አይደለም" አለኝ። "የዴትሮ ነው።"

ይዞት ሄደ።